ዝም፣ ቀጭ ወይስ እምምም? አልነሳ ያለ ባለ ሪሞት የኮርኒስ ፋን እንዴት ይፈተሻል

ድሬዳዋ ውስጥ የግንቦትን ሌሊት ያለ ፋን ያደረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ትራሱ ይረጥባል፣ አንሶላው ይጣበቃል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ዓመት የሳሎናችን ፋን እንዲህ ባለው ማታ እምቢ አለ። ሪሞቱን ስጫን ጢጥ ይላል። ክንፎቹ ግን ንቅንቅ የለም። ውስጡ ብቻ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

የጠራሁት ባለሙያ ከታች ቆሞ ቀና ብሎ አየው። «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አለኝና የመምጫውን ተቀብሎ ሄደ። መሰላል እንኳን አልወጣም። በማግስቱ ካፓሲተር የምትባል፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ሞተሩን የምታስነሳ ዕቃ ገዝቼ ቀየርኩ። ተቃጥሏል የተባለው ሞተር ይኸው እስከ ዛሬ ይዞራል።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱም የዘመዱም ፋን ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አልነሳ ያለ ፋን ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ነገር አንድ ነው። ቴሌቪዥኑን አስጠፋለሁ፣ ልጆቹን ዝም አሰኛለሁ፣ ከፋኑ ሥር ቆሜ ሪሞቱን እጫንና አዳምጣለሁ። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ አንድ ቦታ ነው። ቀጭ ወይም ጢጥ ብሎ ዝም ካለ ሌላ ቦታ። እምምም ካለ ደግሞ ሌላ። ይህን ሳትለዩ መሰላል አትውጡ።

መንገዱን እወቁት

መብራቱ ከብሬከር ይነሳል። በግድግዳው ማብሪያ በኩል ያልፍና ኮርኒሱ ላይ ወደተለጠፈው ቆብ ይወጣል። ቆቡ ውስጥ ሪሲቨር የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ። ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለው እሱ ነው። ከሪሲቨሩ ወደ ካፓሲተር፣ ከዚያ ወደ ሞተር። ካፓሲተሩ አንዳንዱ ፋን ላይ ራሱ ሪሲቨሩ ውስጥ ነው፤ ሌላው ላይ ከሞተሩ ሥር ባለው ክዳን ውስጥ ይገኛል። ፍተሻው በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ርካሹና ቀላሉ ይቀድማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን አትዝለሉት። ሪሞቱን ማጥፋት መብራቱን ማጥፋት አይደለም። ፋኑ ቢቆምም ሪሲቨሩ ላይ 220 ቮልት አለ። የግድግዳውንም ማብሪያ አትመኑ። በችኮላ በተሠራ ቤት ማብሪያው ፌዙን፣ ማለትም የሚይዘውን ሽቦ፣ ትቶ ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፋኑ ይቆማል፣ ሽቦው ግን ይይዛል። ስለዚህ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ማንም እንዳያነሳው ናስትሮ ለጥፉበትና ለቤተሰቡ ተናገሩ። ከዚያ በቴስተር ፈትሹ። ቴስተሩን ራሱን አስቀድማችሁ መብራት ያለው ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ የሞተ ቴስተር «መብራት የለም» እያለ ስንቱን አስነክቷል። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። መነጽር ካላችሁ አድርጉ፤ የፋን ክንፍ ላይ የተከማቸ አቧራ ዓይን ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም።

ዝም ሲል

መጀመሪያ ሌሎቹን መብራቶች አብሩ። እነሱም ከሌሉ ጉዳዩ የፋኑ አይደለም። ካሉ የግድግዳው ማብሪያ በርቶ እንደሆነ እዩ። እንዳትስቁ። ሁለት ቤት ሄጄ ያደረግሁት ጥገና ማብሪያውን መጫን ብቻ ነበር። ቤት የሚያጸዳ ሰው ያጠፋዋል፣ የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን ሲቀጠቅጥ ይውላል።

ቀጥሎ የሪሞቱ ድንጋይ ነው። የሪሞቱ መብራት ብልጭ ስላለ ብቻ «ድንጋዩ ደህና ነው» አትበሉ። የደከመ ድንጋይ ያችን ትንሽ መብራት ለማብራት ይበቃና ሲግናሉን ኮርኒስ ለማድረስ ያቅተዋል። አዲስ አስገቡ። ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ አንድ አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር አታዳብሉ። የሚነካካበት ብረት አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ካወጣ በደረቅ ጨርቅ ወይም በላጲስ አሹት። አንዳንድ አሮጌ ሪሞት አጭር 12 ቮልት ድንጋይ ነው የሚወስደው። ላዩ ላይ 23ኤ የሚል ጽሑፍ አለው፤ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

ሪሞቱ ይሥራ አይሥራ በስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል፣ ግን ለአንድ ዓይነት ብቻ። እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ከፊቱ ትንሽ አምፖል ያለው ከሆነ የስልኩን ካሜራ ከፍታችሁ ወደሱ እያነጣጠራችሁ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ መሰል ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ይልካል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ የራስ ፎቶ ማንሻውን ሞክሩ። ከፊቱ አምፖል የሌለው ሪሞት ግን በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። እሱን ካሜራ አያየውም፤ ብልጭታ አጣን ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ድንጋዩ አዲስ፣ ማብሪያው የበራ፣ ፋኑ ግን አሁንም ዝም ካለ ሪሞትና ሪሲቨር ተለያይተው ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ በተለይ ቶሎ ቶሎ ከሆነ፣ አንዳንድ ሪሲቨር ሪሞቱን ይረሳል። የሚታረቁት እንዲህ ነው። ብሬከሩን አውርዳችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። አንሡት። ወዲያው፣ ብዙ ጊዜ በ30 ሰከንድ ውስጥ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። አብዛኛው ላይ የፋኑ ማጥፊያ ቁልፍ ነው። ጢጥ ካለ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ታርቀዋል። በዚያው ብሬከር ሥር ሌላ ባለ ሪሞት ፋን ካለ በዚያች ሰዓት በራሱ ማብሪያ አጥፉት። አለበለዚያ ሁለቱም ያንኑ ሪሞት ይማሩና የሳሎኑን ስታበሩ የመኝታ ቤቱም ይነሳል።

የቆየው ዓይነት ደግሞ በኮድ ነው። የሪሞቱ የድንጋይ ክዳን ሥር አራት ጥቃቅን ማንሸራተቻዎች አሉ፤ ሪሲቨሩም ላይ እንደዚያው። የሁለቱ አሰላለፍ አንድ ካልሆነ አይሰማሙም። አራት ማንሸራተቻ የሚሰጠው 16 አሰላለፍ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። ሜሪላንድ ያለች እህቴ አፓርታማ ውስጥ ፋኗ በሌሊት ራሱ ይነሳ፣ ራሱ ይጠፋ ነበር። ጠበል እስከማስላክ ደርሳ ነበር። ለካስ የጎረቤቷ ሪሞት ኮድ ከሷ ጋር አንድ ነው። በሁለቱም በኩል አንዷን ማንሸራተቻ ብትገፋት ነገሩ አለቀ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። እዚያ ባለ ሪሞት ሆኖ የሚሳብ ሰንሰለትም ያለው ፋን ብዙ ነው። ሪሞት ሲገጠምለት ሰንሰለቱ ከፍተኛው ፍጥነት ላይ መቆም አለበት። ልጅ አንዴ ከሳበው «ጠፍቷል» ላይ ያርፍና ሪሞቱ ቢጮህ ቢያለቅስ አይነሳም። በሪሞቱ ከፍተኛውን አዝዛችሁ ሰንሰለቱን አንድ አንድ ጊዜ ሳቡ፤ በየመሃሉ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ።

ቀጭ ብሎ ዝም ሲል

ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ሪሞቱ ልኳል፣ ሪሲቨሩም ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ነው የተቋረጠው።

መሰላል ወጥታችሁ መጀመሪያ የምታዩት የአቅጣጫ መቀየሪያውን ነው። ብዙ ፋን ሞተሩ ወገብ ላይ ትንሽ የምትንሸራተት ማብሪያ አለችው። በአንድ በኩል ፋኑ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ይዞራል። መሃል ላይ ከቀረች ግን ፋኑ አይነሳም። አቧራ ሲጠረግ በጨርቅ ተነክታ መሃል ትቀራለች። ብርድ ባለበት አገር በየወቅቱ ስለሚቀያይሯት ይህ እዚያ ይበዛል። ብሬከሩ እንደወረደ አንዱ ጫፍ ድረስ ግፏት።

ከዚያ ቆቡን ፈታችሁ ዝቅ አድርጉት። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ። የላላ ማገናኛ፣ የጠቆረ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ሽታ ፈልጉ። እያንዳንዱን ሽቦ በስሱ ሳብ አድርጉ። ፋን ቀን ከሌት ስለሚንቀጠቀጥ በናስትሮ ብቻ የተጠመዘዘ ሽቦ ጊዜውን ጠብቆ ይላቀቃል።

እዚያው ከሪሲቨሩ የሚወጣ፣ ጫፉ ከምንም ያልተገናኘ ቀጭን ሽቦ ታያላችሁ። የተረሳ ሽቦ አይደለም። አንቴና ነው። «ይቺ ምንድን ናት» ብሎ ከኒውትራል ጋር ያሰራት፣ ጭራሽ የቆረጣትም አጋጥሞኛል። ሳትጠቀለል ዘርጋ ብላ ከሌሎቹ ሽቦዎች ራቅ ትበል።

ቀጭ ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ፣ ወይም ፋኑ ተነስቶ ወዲያው የሚቆም ከሆነ፣ ሪሲቨሩን ጠርጥሩ። ውስጡ 220 ቮልቱን ለራሱ ዑደት የሚቀንስበት ካፓሲተር አለ። በዓመታት ሲደክም ለሪሲቨሩ የውስጥ ማብሪያ የሚሆን ጉልበት ያንሳል፤ ማብሪያዋ ትይዛለች፣ ትለቃለች። ብየዳ የሚችል ሰው ያችን ካፓሲተር ብቻ ይቀይራታል። ለሌላው ሰው ሪሲቨርና ሪሞት አንድ ላይ የሚሸጠውን መግዛት ይቀላል። ስትገዙ ሦስት ነገር ይገጥም፦ ቮልቱ፣ የሞተሩ ዓይነት፣ ቆቡ ውስጥ የሚገባ መጠን። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳና ቆቡ አልዘጋ ብሎት ይመለሳል።

ሪሲቨሩ መሆኑን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይቻላል። ከሪሲቨሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ሪሲቨሩን ከመሃል አውጡ። የግድግዳውን ፌዝ በቀጥታ ከሞተሩ ፌዝ፣ ኒውትራሉን ከኒውትራል አገናኙ። በደንብ ሸፍናችሁ ከመሰላሉ ውረዱ፣ ከዚያ ብሬከሩን አንሡ። ፋኑ በሙሉ ጉልበት ከዞረ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ የሚሄድ ከሆነ ግን ይህን አትሞክሩ። ካፓሲተሩ ሪሲቨሩ ውስጥ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ቢገናኝ ሞተሩ ይግላል። ባለ ሁለት ሽቦው ፋን በቀጥታ ተገናኝቶ፣ መብራትም እያለ ጭራሽ ዝም ካለ የሞተሩ የሙቀት ፊውዝ ተቆርጦ ይሆናል፤ እሱ ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ዘንድ የሚሄድ ነው።

እምምም ሲል

አብዛኛው ፋን የሚታማው በዚህ ነው፣ በሐሰት «ተቃጠለ» የሚባለውም እዚህ ነው። የሚያጉረመርም ሞተር መብራት ደርሶታል። መዞር ነው ያቃተው።

ብሬከሩን አውርዱና ክንፉን በእጅ አሽከርክሩ። ደህና ፋን ለስለስ ብሎ ጥቂት ዙር ይሄዳል። ከከበደ፣ ከቆረቆረ ወይም ቶሎ ከቆመ ኩሽኔታው ደርቋል፣ ወይም የሆነ ነገር ይታከካል። አዲስ የተገጠመ ፋን ከሆነ በመንገድ እንዳይንቀጠቀጥ ሞተሩ ላይ የተሰካ የማሸጊያ ጎማ እንዳልቀረ እዩ። እሱን ሳያወጡ ገጥመው «አዲስ ብንገዛም ብልሹ ሰጡን» የሚሉ አሉ።

በእጅ ሲዞር ደህና ከሆነ ቀጣዩ ሙከራ የመጥረጊያ እንጨት ይፈልጋል። ብሬከሩን አንሡ፣ በሪሞቱ ከፍተኛውን ፍጥነት እዘዙ። እያጉረመረመ ሳለ ከታች ሆናችሁ አንዱን ክንፍ በእንጨቱ ገፋ አድርጉና እንጨቱን ቶሎ አሽሹ። በእጅ እንዳትሞክሩት። በግፊ እንደሚነሳ መኪና ተነስቶ መዞር ከቀጠለ፣ በገፋችሁበት አቅጣጫ ሁሉ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። ካፓሲተሩ ነው።

ለምን? የቤት መብራት ባለ አንድ ፌዝ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚፈጥረው ስበት ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ አይዞርም፤ እንጨት እንደሚሰነጥቅ መጋዝ። እንዲዞር ሁለተኛው ጥቅል ጥቂት ቀደም ብሎ መሳብ አለበት። ያንን መቀዳደም የሚፈጥረው ካፓሲተሩ ነው። እሱ ሲደክም ሞተሩ ጉልበት እያለው የትኛው ወገን መዞር እንዳለበት አያውቅም። ቆሞ ያጉረመርማል። እንዲሁ ረጅም ጊዜ ከተተወ ጥቅሉ ይግላል፣ ያኔ በእውነት ይቃጠላል። የሚያጉረመርም ፋን ቶሎ አጥፉ።

ካፓሲተሩ ከሞተሩ ሥር ባለው ክዳን ወይም ከላይ ቆቡ ውስጥ ያለች ጥቁር አራት ማዕዘን ናት። ላይዋ ላይ ብዙ ጊዜ ሲቢቢ61 የሚል ይጻፍባታል። ለ220 ቮልት ተራ ፋን አቅሟ በአብዛኛው 2 ወይም 2.5 ማይክሮፋራድ አካባቢ፣ ቮልቷ 400 ወይም 450 ነው። እኔ ግን በዚህ አትግዙ እላለሁ። ከራሷ ላይ አንብባችሁ፣ ወይም ራሷን ይዛችሁ ሂዱ።

ከመንቀላችሁ በፊት የቀረውን ኤሌክትሪክ አውጡላት። ብሬከሩ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሁለቱን ጫፎቿን በባለ ክር አምፖል ሁለት ሽቦዎች ለጥቂት ሰከንድ ንኳት። ያበጠች፣ የተሰነጠቀች ወይም የቀለጠች ከሆነ መለካት አያስፈልግም። ካልሆነ ካፓሲተር የሚለካ መልቲሜትር ያለው ሰው ፈልጉ። ላይዋ ላይ 5 በመቶ ልዩነት እንደሚፈቀድ ይጻፋል። 2.5 የተባለችው 2 እንኳን ካላነበበች ሥራዋን ጨርሳለች። የቤታችንዋ 0.9 ነበር ያነበበችው።

አዲሷ ማይክሮፋራዷ ከአሮጌዋ ጋር አንድ ይሁን። ቮልቷ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። «ትልቅ ብትገጥም ፋኑ ይፈጥናል» የሚል ወሬ አለ፤ የሚያፈጥነው የሞተሩን መቃጠል ነው። ከድሮ ሬዲዮ የተፈታ፣ ፕላስና ማይነስ ያለው ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተርም እዚህ ቦታ አይገባም፤ ይፈነዳል። ባለ ሦስት ወይም ባለ አምስት ሽቦ የሆነችዋ ውስጧ ከአንድ በላይ ካፓሲተር ስላላት እያንዳንዱን ሽቦ በቀለሙ ተከትላችሁ መልሱ። እሷ ባላችሁበት ፋን አንዱ ፍጥነት ብቻ ሊጠፋ ይችላል፦ ከፍተኛው ይሠራል፣ ዝቅተኛው ግን እምምም ብሎ ይቆማል። ይህም የካፓሲተር በሽታ ነው፤ ሪሞቱን አትክሰሱ።

አዲስ ካፓሲተር ገብቶም የሚያጉረመርም ከሆነ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። የድሮ ፋን የነበረበት ቤት ሬጉሌተር አለ፣ ያ እየተጠመዘዘ ፍጥነት የሚቀይረው። ባለ ሪሞት ፋን ሲገጠም ብዙ ጊዜ በቦታው ይተዋል። ሪሲቨር ከሬጉሌተር ጋር አይስማማም። ወይ አይነሳም፣ ወይ ያጉረመርማል፣ ወይ ሪሲቨሩ ይቃጠላል። በቦታው ተራ ማብሪያና ማጥፊያ ይግባ። የአምፖል ብርሃን የሚቀንሰውም እንደዚያው ነው።

ቀን ይነሳል፣ ማታ ግን አይነሳም? መብራቱን ጠርጥሩ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፣ በካሬ ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 170 ቢሆን ጉልበቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ማታ መጀመሪያ በከፍተኛው አስነሡትና ሲፈጥን ዝቅ አድርጉት። በዝቅተኛው ፍጥነት ማስነሳት ለደህና ሞተርም ይከብዳል።

ሁለት ለየት ያሉ ፋኖች

አሁን አሁን የሚመጡት መብራት ቆጣቢ ፋኖች ሞተራቸው በዲሲ ነው የሚሠራው። ተራው ፋን 70 ወይም 80 ዋት ሲበላ እነዚህ 30 አካባቢ ይበቃቸዋል። ከላይ ያልኩት የካፓሲተርና የእንጨት ነገር ለእነሱ አይሠራም። ሲነሱ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብለው ከዚያ መዞራቸው ጠባያቸው ነው፤ ክንፋቸው የት እንዳለ እየለዩ ነው። ጭራሽ ካልተነሱ ብሬከሩን ለአንድ ደቂቃ አውርዳችሁ አንሡ፣ ሪሞቱን አስታርቁ። ካልሆነ ችግሩ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ነው፣ በተራ ሪሲቨርም አይተካም።

ሌላው ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ነው። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እዚህ 220፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከተሰካ ሪሲቨሩ በሰከንድ ይሄዳል። በትራንስፎርመር ቮልቱን ብትቀንሱለትም 50 ኸርዙ አይቀየርም፤ ፋኑ ይዘገያል፣ ሞተሩም ይሞቃል። እህቴ አንዱን ልትልክልኝ ስትል የጠየቅኋት ጫማ ነበር።

ሁሉም ተስተካክሎ ቆቡን ከመዝጋታችሁ በፊት ፋኑን በየፍጥነቱ አስነሡት። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ይዙር። ብሬከሩን አውርዳችሁ ሞተሩን በመዳፋችሁ ንኩት። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን አትተዉት፣ ለባለሙያ አሳዩት። መሰላል የሚወጣ ባለሙያ ይሁን እንጂ።